ከክፍሉ በፊት ዶርሙ

ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ተማሪዎች ጥሪ ሲያወጣ የሚለጠፈው ዝርዝር ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ቤተሰብ ሮጦ ያሟላል፣ ሻንጣ ይታሰራል፣ አያት ይመርቃሉ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይገባል። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይከብዳል። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ክፍል መተኛት፣ ማንም ሳይቀሰቅስ መነሳት፣ ማንም ሳይጠራ ማዕድ መቅረብ፣ ሲያምም "አመመኝ" የሚሉትን ሰው ማግኘት በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አይወጣም።

ስለ ግቢ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ዲፓርትመንት፣ ስለ መምህርና ስለ ነጥብ ነው። እኔ የማምነው ሌላ ነው። ግቢ የተማሪን ጤናም ሆነ አመለካከት የሚሠራው ከሁሉ በላይ በዶርም ነው፤ ያውም ከመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) በፊት ባሉት አምስት ስድስት ሳምንታት። አንድ ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ሲጨንቀው ወዴት እንደሚሄድ በእነዚያ ሳምንታት ሳያውቀው ይወስናል። የቀረው ዓመት በአብዛኛው ያንን ተከትሎ ይሄዳል። ደግነቱ በጊዜው ከተያዘ በትንንሽ ነገር ይቃናል። የምጽፈውም ስለ ትንንሾቹ ነገሮች ነው።

ከአየሩ ልጀምር፤ ሰው የሚንቀው እሱን ነውና። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለባት ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለባት ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ወደ 0.65 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ግቢዎች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ከአሳይታ፣ ከመተማ ወይም ከጋምቤላ ለመጣ ልጅ የደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀልድ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በርዶት ይነቃል፣ እስኪነጋ አይተኛም፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት "ትምህርቱ አልገባኝም" ይላል። ያልገባው ግን እንቅልፉ ነው።

ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ አይደለም። የዶርም ስፖንጅ ፍራሽ ስስ ነው፣ ከቆየም ይሰጥማል፤ ሰውነት ሲጫነው ቅዝቃዜው ከታች ይገባል። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሁለቱንም ከላይ ከመደረብ አንዱን አጥፎ ከሥር ቢያነጥፈው የተሻለ ይሞቀዋል። ካልሲና የራስ ሹራብ ከሦስተኛ ብርድ ልብስ ይበልጣሉ። ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ፤ ሌሊት ይለበሳል፣ ማታ ስፔስ (የማንበቢያ ክፍል) ውስጥ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ከቆላ የመጣ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረውና ራሱን ቢያመው ከፍታው ነው፤ ውሃ እየጠጣ፣ ሩጫና ኳሱን ለጥቂት ቀናት እያቆየ ይለምደዋል። ሲውል ሲያድር ካልተሻለው ግን ክሊኒክ መታየት አለበት።

ኮምቦልቻ ጭንቀቱ ብርድ ሳይሆን ትንኝ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የወባ ዋና ወቅት ነው፤ አዲስ ተማሪ የሚገባውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ወይም ጥቂት ቆይቶ ነው። አጎበር በተደራራቢ አልጋ ላይ የታችኛው በቀላሉ ይሰቀላል፤ የላይኛው ግን ከጣሪያ ወይም ከግድግዳ ገመድ ካልተወጠረለት ፊት ላይ ወድቆ ያፍናል፣ ልጁም በሁለተኛው ቀን ጠቅልሎ ሎከር ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ አንድ ጥቅል ሲባጎና ጥቂት ምስማር የዶርም ዕቃ ናቸው። ጠርዙ ፍራሹ ሥር ካልተጠቀጠቀም ዋጋ የለውም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ከመጡ በዚያው ቀን ደም መታየት እንጂ ጓደኛ የተረፈውን ክኒን መዋስ አይገባም። የተረፈ ክኒን ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ግማሽ መድኃኒት ደግሞ በሽታውን ሸፍኖ ያቆየዋል።

አሁን ወደ ዶርሙ ልግባ።

በአንድ ክፍል አራትም ስድስትም ስምንትም ሆነው የሚኖሩ ልጆች የሚጣሉት በትልቅ ነገር አይደለም። በመብራት፣ በስልክ ድምፅ፣ በመጥረጊያ፣ በጀሪካን ውሃ ይጣላሉ። ጠቡ አንዴ ከተጀመረ ወዲያው ሌላ ልብስ ይለብሳል፦ "የእነሱ ሰዎች እንዲህ ናቸው" ይባላል። በመብራት የተጀመረ በብሔር ወይም በሃይማኖት ይጨርሳል። ስለዚህ ጠብ ሳይነሳ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ፣ ሁሉም ባሉበት ተቀምጦ መስማማት ይገባል። አራት ነገር ይበቃል። ትልቁ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል (ማታ 5 ሰዓት ለብዙዎች ይስማማል፤ ከዚያ በኋላ ማንበብ የፈለገ ስፔስ ይሄዳል)። ስልክ የት ይወራል (ኮሪደር ላይ፤ ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ)። ማን መቼ ይጠርጋል። ውሃ ሲመጣ ማን ይቀዳል። በአንድ ገጽ ጽፎ በሩ ጀርባ መለጠፍ ነው።

ይህ ስምምነት የሚፈርስባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው፣ ሦስቱ ተስማምተው አራተኛው ዘግይቶ ሲመጣ "ሕጉ ይኼ ነው" ብሎ መጫን ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ። ሁለተኛው የገንዘብ ቅጣት ነው፤ 20 ብር ለአንዱ ምንም፣ ለሌላው የሳምንት ሳሙናው ናት፣ ለመናገርም ያፍራል። ሦስተኛው ሲኒየር ተማሪ ሁሉን ሲወስንና ፍሬሾቹ ሁሉን ሲሠሩ ነው። ለዚህ የዶርም ኃላፊው ፕሮክተር አለ፤ ፕሮክተር ጋ መሄድ ማሳበቅ አይደለም።

እንቅልፍን ከሁሉ አስበልጬ የማነሣው ሌላው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ነው። በ18 እና በ25 ዓመት መካከል ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ቀን የተነበበው አእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ሌሊት በእንቅልፍ ነው፤ ስፔስ አድሮ ጠዋት ፈተና መግባት ጤፍ ዘርቶ ሳያጭዱ እንደመሄድ ነው። ቡናም ስሌት አለው። ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። ደሴ ላይ ቡና አቦል ብቻ ተጠጥቶ አይነሱም፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ቡናው ይጠጣ፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳያልፍ ይሁን።

ስለ ጫት በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ወሎ ውስጥ ስለ እሱ በደፈናው መናገር ሰውን ያስቀይማልና። ትልልቅ ሰዎች ለዱዓ ተሰብስበው የሚቅሙት ወግ፣ ሥርዓትና ሰዓት አለው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። የተማሪው የፈተና በርጫ (ለመቃም መሰብሰቡ) ግን ሌላ ነገር ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል፤ ምርቃናው፣ ማለትም የጫቱ መነቃቃት፣ ሲመጣ ሁሉም ነገር የተገባ፣ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል፣ ገጹ ይገለበጣል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፋጥናል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይከለክላል። እራት ይቀራል። እንቅልፍ እምቢ ሲል "ጨብሲ" ይመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ። ሌሊት 9 ሰዓት ይተኛል፣ የጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ያመልጣል፣ ቀኑ በድብርት ይውላል፣ ድብርቱን ለመግፋት ደግሞ ያው ቅጠል ይፈለጋል። ይህ ዙር በአንድ ሳምንት የፈተና ሰሞን ተጀምሮ ሴሚስተር ሊውጥ ይችላል። ልማድ ሆኖበት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ድካም፣ ብስጭትና ዱካክ የሚባለው መጥፎ ሕልም ይገጥመዋል፤ በአብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ያልፋል። ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ልጅ "ያለሱ መኖር አልችልም" ብሎ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ማቆሙን ፈተና በሌለበት ሳምንት መጀመር፣ ከበርጫው ቤት ርቆ መዋል፣ ጠግቦ መብላት፣ ማታ በእግር መሄድ፤ የሚረዳው ይኼው ነው።

ብዙ ልጆችን ወደ ሌሊቱ የሚገፋው ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም 3.2 ከመቶ። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ግቢ የገቡት በሪሜዲያል በኩል ነው፤ ወራት ተምረው እንደገና ተፈትነው ያለፉት ፍሬሽማን ይሆናሉ፣ ያላለፉት ሻንጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና ቆሟል፤ እሱም 50 ከመቶ ይጠይቃል። በሁለት በር መካከል ያለ ልጅ ነው ዶርም ውስጥ የሚተኛው።

ለፍርሃት መድኃኒቱ ቁጥሩን ፊት ለፊት ማየት ነው። ለ1 ክሬዲት አወር በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ እንበል። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 45 ሰዓት ሥራ አለበት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ተኝቶ 56 ቢወጣ፣ 45ቱ ለትምህርት ቢሄድ፣ 67 ሰዓት ይተርፋል፤ ለማዕድ፣ ለልብስ አጠባ፣ ለጸሎትና ለሶላት፣ ለኳስ፣ ለፒያሳ ዙረት። ሌሊት ማደር የሚያስፈልገው ጊዜ ስለሌለ አይደለም፤ ቀኑ ስላልተያዘ ነው።

ነጥብም እንደዚሁ። አንድ ኮርስ ወደቀብኝ ብሎ ሻንጣ የሚያነሳ ልጅ አለ። እስኪ ይሰላ፦ አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት። ሁለቱ ቢ (3 ነጥብ)፣ ሁለቱ ሲ (2 ነጥብ)፣ አንዱ ኤፍ (0)። 6 ክሬዲት በ3 ሲባዛ 18፣ 6 ክሬዲት በ2 ሲባዛ 12፣ ኤፉ ባዶ። ድምሩ 30፣ ለ15 ሲካፈል 2.00። ኤፉ ተመልሶ መወሰድ አለበት፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ቀጣይ ኮርስም ሊዘገይ ይችላል፤ ልጁ ግን ወድቆ አልቀረም። የማስጠንቀቂያና የመሰናበቻ መስመሩ የት ላይ እንደሆነ በግቢው ሌጂስሌሽን (መተዳደሪያ ደንብ) ተጽፏል፤ ሬጅስትራር ጠይቆ በመጀመሪያው ወር ማንበብ በመጨረሻው ሳምንት ከሚወራው ወሬ ያድናል።

ምግቡን ባጭሩ። በግቢ ውስጥ "ጨጓራዬን" የማይል ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ግን የሚጀምረው ቁርስ ከመዝለል ነው። የጠዋቱን ሰልፍ ፈርቶ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በመሐል ቡና፣ ከዚያ በርበሬ የበዛበት ወጥ። ዳቦና ሻዩን ሄዶ መብላት ነው፤ የሚዘገይ ከሆነ ማታ አንድ ዳቦ ሎከር ውስጥ ማስቀመጥ። ምስርና ሽሮ ላይ ወዲያው ሻይ መጠጣት ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል፤ አንድ ሰዓት ቢቆይ ጥሩ ነው፣ በተለይ ለሴት ተማሪዎች። ውሃ ሲጠፋ በጀሪካን ተቀድቶ የከረመ ውሃ ታይፎይድና ተቅማጥ ይዞ ይመጣል፤ ውሃ አጋር የሚባለውን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ መጠጫውን ጀሪካን ከመታጠቢያው መለየት። ከካፌ ወጥተው ነን ካፌ የሚሆኑ፣ በማዕዱ ፋንታ ብር የሚቀበሉ ልጆች ብሩ በእጃቸው ሲገባ ነፃነቱ ደስ ይላል፤ በወሩ በሃያኛው ቀን ግን ያው ብር የለም። ሦስት አራት ሆኖ ሽሮ፣ ዘይትና ሽንኩርት በጋራ ገዝቶ መያዝ ካልተቻለ ካፌ መቆየቱ ይሻላል።

ከብሩ ጋር ስለ ቤቲንግ፣ ስለ ኳስ ውርርድ፣ አንድ ስሌት ብቻ። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት የሚቆርጥ ልጅ እያንዳንዱን ጨዋታ የማግኘት ዕድሉ 60 ከመቶ ቢሆን እንኳ፣ ይኸውም ጥሩ ኳስ አዋቂ ነው ማለት ነው፣ አሥሩም አንድ ላይ የመያዛቸው ዕድል ከ1,000 ትኬት በ6ቱ ነው። ከቤት በቴሌብር የተላከው የወር ወጪ በዚህ በር ሲወጣ ልጁ ለማንም አይናገርም፤ መብላት ይቀንሳል፣ ይበደራል፣ ከተበደራቸው ሰዎች ይሸሻል። ዶርም ውስጥ በድንገት ብቻውን መሆን የጀመረ ልጅ ሲኖር ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው።

ብቸኝነትን ካነሣሁ ዘንዳ እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ጽሑፉ ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል።

ወሎ ላይ ለተከፋ ሰው የሚባል ቃል አለ፦ "አብሽር"፣ አይዞህ እንደ ማለት። ደግ ቃል ነው። ሰውን ያነሣል፣ ትከሻ ይነካል። ግን ቶሎ ከተባለ በር ይዘጋል። ልጁ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምንም ደስ አይለኝም" ሲል ገና ሳይጨርስ "አብሽር፣ ያልፋል" ከተባለ ሁለተኛ አይናገርም። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው የሚሻለው፦ መጀመሪያ "ከመቼ ጀምሮ?" ቀጥሎ "እንቅልፍህስ? ምግብህስ?" ከዚያ ዝም ብሎ መስማት፤ አብሽሩ መጨረሻ ላይ።

ሰው ከቤቱ ሲርቅ ይናፍቃል፣ ያለቅሳል፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ አይጥመውም፤ ይህ ሕመም አይደለም፣ እየቀለለ ይሄዳል። ድባቴ ግን እየከበደ ይሄዳል። መለያው ጊዜውና ስፋቱ ነው። ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን የከፋው፣ ቀድሞ ይወደው የነበረው ኳስም መዝሙርም መንዙማም ጨዋታም ያስጠላው፣ እንቅልፉ የጠፋ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚተኛ፣ የከሳ፣ "እኔ ለምንም አልረባም" የሚል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው። ዶርም ውስጥ የሚታየው ምልክት ከዚህ ይቀላል፦ መታጠብ ይተዋል፣ ካፌ መሄድ ይተዋል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ስልኩ ይጠራል አያነሳም። ዕቃውን ማደል ወይም "ሁላችሁንም አስቸገርኩ" እያለ መሰናበት ከጀመረ ያ ቀን አይታለፍም። በቀጥታ መጠየቅ ይገባል፦ "መሞት እያሰብክ ነው?" ጥያቄው ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ያለበትን ሰው ግን ያሳርፈዋል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፤ የሚጎዳ ነገር ከአጠገቡ ይነሳል፤ ሁለት ሰው ሆኖ ወደ ግቢው ክሊኒክ፣ ሌሊት ከሆነ ፕሮክተርና ጥበቃ ተነግሮ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ምስጢር ጠብቁልኝ ቢልም ይህ አይጠበቅም።

ሌላም አለ። ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ማለት፣ ሌሊት ብቻውን ማውራት ከጀመረ ይህ ብዙ ጊዜ በዚሁ ዕድሜ፣ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ የሚጀምር ሕመም ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ መጥቶ መጀመሪያ የሚያስበው ጸበል ወይም ሩቅያ (ቁርኣን ማስቀራት) ነው። በዚህ ላይ የምናገረው በጥንቃቄ ነው፦ እምነቱም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ፤ የሚጎዳው አንዱን ለማድረግ ሌላውን ማቋረጥ ነው። ጸበል ቦታ ክኒኑን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ከጾም ጋር የሰዓቱን ነገር ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። የድባቴ መድኃኒትም በአንድ ቀን አይሠራም፤ ለውጡ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው፤ ይህን ማወቅ ያለበት ከታማሚው ይልቅ አጠገቡ የሚተኛው ልጅ ነው።

ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ጦርነት በበራቸው ገብቶ ያደረባቸው ናቸው፤ ግቢዎቹም ተዘርፈዋል። ዛሬ ዶርም ውስጥ ያሉት ያኔ ልጆች ነበሩ፤ ከዚህም ከሌላም አካባቢ ይዘውት የመጡት አለ። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ፣ በርችት ሌሊት ክፍል ጥሎ የሚወጣ ልጅ ቢኖር አይሳቅበት። የተኛን ሰው ነክቶ ከመቀስቀስ ከሩቅ በስሙ መጥራት ይሻላል።

ታሞ መቀጠል ያቃተው ተማሪ ማወቅ ያለበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ዝም ብሎ አውቶቡስ መሳፈር የለበትም። ሳይናገር የሄደ ልጅ ፈተና ላይ ሳይገኝ ኮርሶቹ በኤፍ ይዘጋሉ፣ ለመመለስም በር ያጣል። መንገዱ ዊዝድሮው፣ በሕጋዊ መንገድ አቋርጦ መውጣት፣ ነው። ከክሊኒክ ወይም ከሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ ይወሰዳል፤ ፎርሙ በዲፓርትመንት ኃላፊና በዲን ይፈረማል፤ ክሊራንሱ (ዕዳ የለበትም የሚለው ወረቀት) ከላይብረሪ፣ ከዶርም፣ ከካፌና ከስፖርት ክፍል ይሞላል፤ በመጨረሻ ሬጅስትራር ተቀብሎ ኮፒ ይሰጣል። ያቺ ኮፒ ቤት ትቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) የሚጠየቀው በእሷ ነው፣ ማመልከቻውም ሴሚስተሩ ሳይጀመር መግባት አለበት። ልጁ ራሱ መሮጥ ካልቻለ የዶርም ጓደኛ አብሮት ይዙር። ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ አንድ ፊርማ ጎድሎ ግን ዓመታት የጠፋባቸው አሉ።

ስለ አመለካከት የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መነሻው ያው ዶርሙ ነው። ደሴ የተማሪ ሐሳብ የት ድረስ እንደሚሄድ የምታውቅ ከተማ ናት። በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው አጭር ጽሑፍ ዛሬም ያከራክራል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሲሸፋፈን መምህራን መጥተው ያነሷቸው ፎቶግራፎች አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሲታዩ ተማሪው ተነሣ። ከሐሳቡ ጋር መስማማትም መቃወምም ይቻላል፤ በሃያ ዓመት ዕድሜ ግቢ ውስጥ የተያዘ ሐሳብ ግን ከያዘው ሰው ዕድሜ ይረዝማል። ለዚህ ነው ልጁ ማንን እየሰማ ያድራል የሚለው የሚያሳስበኝ።

ሰዎችን አንድ ክፍል ማስተኛት ብቻ አያቀራርብም። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስቀመጠው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩል ደረጃ ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለዚያ ግብ ሲተባበሩና ተቋሙ ሲደግፋቸው ነው። ዶርም የመጀመሪያውን ያሟላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አልጋ፣ አንድ ዓይነት ሽሮ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይጎድላሉ። እነሱን የሚሰጠው የቡድን አሳይመንት ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ቡድኑ በአገር ልጅነት ይመሠረታል፣ አንድ ጎበዝ ሁሉን ይሠራል፣ ሌሎቹ ስም ያስገባሉ። መምህሩ ቡድኑን በዕጣ ቢመድብ፣ ሥራው ለእያንዳንዱ የተለየ ክፍል ቢኖረውና የሚያቀርበው ማን እንደሆነ በዕለቱ ብቻ ቢነገር ሁሉም ሁሉን ለማወቅ ይገደዳል፤ አፋርኛ ተናጋሪው ለኮምቦልቻው ልጅ፣ የኮምቦልቻው ልጅ ለሶማሌው ያስረዳል። አማርኛ ያልለመደ ልጅ ሲናገር በአነጋገሩ የሚሳቅ ከሆነ ያ ልጅ እስከ ምረቃው በራሱ ቋንቋ ተናጋሪዎች መሐል ብቻ ይኖራል። ይህን የሚያቆመው አንድ ሰው "ቆይ፣ ይጨርስ" ሲል ነው።

የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊሙ ጀመዓና የፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ ለብቸኛ ልጅ የመጀመሪያ ቤት ናቸው፤ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እህት ይሰጣሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ከዚያ ውጭ አንድም ወዳጅ ከሌለ ግን ክበቡ ይጠብባል። ደሴ ላይ አንዱ ወንድም መሐመድ ሌላው ወንድም ገብሬ የሚባሉበት ቤተሰብ እንግዳ አይደለም፤ ይህን ግን ከግቢ ወጥቶ ሰኞ ገበያ ያልዞረ፣ የከተማ ሰው ቤት ቡና ያልጠጣ ተማሪ አያየውም።

ወሬውን የሚያከፋው ስልክ ነው። የሆነ ቦታ ግጭት ተነሣ ሲባል ቴሌግራም ላይ ፎቶው ሌሊት ይመጣል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነብባል፣ ሌላው ቤተሰቡ ጋ ይደውላል ኔትወርክ የለም፣ ክፍሉ በአምስት ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። ሌሊት ማጣራት አይቻልም፣ መሄድም አይቻልም፤ መፍራት ብቻ ነው የሚቻለው። ስለዚህ በሩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አምስተኛ ነገር ቢጨመር እላለሁ፦ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ የግጭት ወሬ ጮክ ተብሎ አይነበብም። ጠዋት ማን አለ፣ የት፣ መቼ ተብሎ ይጠየቃል፤ ፎቶው የድሮ መሆኑ ይታያል፣ እዚያ ያለ የሚያውቁት ሰው ይደወልለታል። ቤተሰቡ በዚያ አካባቢ ያለው ልጅ ግን በዚያ ሌሊት ብቻውን አይተኛ።

ቤተሰብ ሲደውል "ትምህርት እንዴት ነው?" ይላል፤ መልሱም "ደህና" ነው፣ ስልኩም ይዘጋል። በዚህ ጥያቄ የተገኘ ወሬ የለም። "ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?" "ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአንድ ሳምንት ሦስቴ ተጠይቆ ሦስቴም "ብቻዬን" ከተባለ፣ ወይም ስም ሲጠራ የነበረ ልጅ ስም መጥራት ካቆመ፣ የዶርም ጓደኛው ጋ ይደወላል። ስልኩን ለማግኘት ግን ያኔ ጊዜ የለም። ስለዚህ ልጁን የሚሸኘው ሰው በመጀመሪያው ቀን አልጋው ሲነጠፍ የሁለት ዶርም ልጆችን ስም፣ ስልክ፣ የብሎኩንና የክፍሉን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሸኚዎቹ ዘመዶች ከሆኑም ለእናት ይላክላት።